ጅብ የማን ዘመድ ነው?

ቤቴ ሱሉልታ ዳር ነው። ማታ ማታ ጅብ ይጮኻል፤ የግቢው ውሻ ሁሉ ይቀበለዋል። አንድ ምሽት የሰፈራችን ዘበኛ "ጅብ እኮ ያው ውሻ ነው፤ ጫካ የቀረ ውሻ" አሉኝ። ለድመት ይቀርባል አልኳቸው። ሳቁብኝ። "ልጄ፣ ድመት እንዲህ ትጮኻለች?"

እልህ ያዘኝ። ላብራቶሪ ምናምን አያስፈልግም፤ ጂንባንክ የሚባለው የመረጃ ቋት የተነበበ ዲኤንኤ በነፃ ይሰጣል። ሳይቶክሮም ቢ የሚባለውን ጂን መረጥኩ፤ ከእናት የሚወረስ፣ 1,140 የዲኤንኤ ፊደል ገደማ ያለው ነው። የጅብ፣ የውሻ፣ የቀይ ቀበሮ፣ የድመት፣ የአንበሳና የጥርኝን አወረድኩ። አህያም ጨመርኩ። ማን ለማን እንደሚቀርብ በቅርንጫፍ የሚያሳይ የዝምድና ዛፍ ልሠራ ነው፤ ከሁሉም ስለምትርቅ የዛፉን ሥር የምታሳየው እሷ ናት። ጅብና አህያን አንድ ፋይል ውስጥ ሳስገባ ግን ራሴም ሳቅኩ።

ሜጋ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፊደሎቹን አሰልፌ ዛፉን ሠራሁ። ጥርኝ ረጅም ቅርንጫፍ ይዛ ከአህያ አጠገብ ቁጭ አለች! እኔም ሳላጣራ ምስሉን ለጓደኞቼ በቴሌግራም ላክሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ሰልፉን በዓይኔ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ለአራቱ ፊደሎች አራት ቀለም ይሰጣል። ቀለሙ ከእንስሳ እንስሳ እንደ ጥለት ቀጥ ብሎ ይወርድና ጥርኝ ላይ ሲደርስ ዝብርቅርቁ ይወጣል። ርዝመቱም 650 ገደማ ብቻ። ለካ ለእሷ ያወረድኩት ሌላ ጂን ኖሯል። ፕሮግራሙ ምን ቸገረው፣ የሰጡትን ያሰልፋል።

አስተካክዬ ስደግመው መሃል ላይ መብራት ሄደ። በማግስቱ ግን ዛፉ ቀና፦ ውሻና ቀይ ቀበሮ በአንድ ወገን፣ ጅብ ከድመት፣ ከአንበሳና ከጥርኝ ጋር በሌላው። ቡትስትራፕም ሠራሁ፤ የፊደል ዓምዶቹን 1,000 ጊዜ እንደ ዕጣ እያወጡ ዛፉን ደግሞ ደጋግሞ መሥራት ነው። ጅብ ከውሻ መለየቱ ጸና። ለጥርኝ ነው ለድመት የሚቀርበው ለሚለው ግን አንዱን መልስ የደገፉት ዛፎች ከግማሽ በታች ሆኑ፤ አንድ ጂን እዚያ ድረስ አይወስድም። ብዙ ጂን ያነጻጸሩ ጥናቶች ጅብን ይበልጥ የሚያስጠጉት ሞንጉስ ወደሚባለው ትንሽ አውሬ ነው።

ዛፉን ለዘበኛው በስልኬ አሳየኋቸው። አተኩረው አዩት።

"ጥርኝ ዘመዱ ከሆነች ዝባዱ የታለ?"

ጅብም ከጭራው ሥር የሚወጣ ቅባት እንዳለው፣ ሣር ላይ እየቀባ ክልሉን እንደሚያስታውቅበት ነገርኳቸው።

"እሱንስ ማን ይገዛዋል" ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ።