ውርጭ ያደረበት ማሳ

ህዳር 14፣ ደብረ ብርሃን

ዛሬ የአያቴን ባቄላ ውርጭ መታው። ቅጠሉ የፈላ ውኃ የተደፋበት ይመስላል። ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ሆዴ ተላወሰ። ስንት ወር የደከመችበት ነው።

ማታ ነግራኝ ነበር። ደጅ ወጣ ብላ ቀና አለችና «ሰማዩ ጠርቷል፣ ንፋስም የለም። ዛሬ ውርጭ አይቀርም» አለች። ቀን ፀሐይዋ ፊቴን ስትለበልበኝ ስለዋለች አላመንኳትም።

ነገሩ የሚገባን የሙቀቱን መንገድ ስናውቅ ነው። አብዛኛው የፀሐይ ብርሃን አየሩን አልፎ መሬት ላይ ነው የሚያርፈው። መጀመሪያ መሬቱ ይሞቃል፣ አየሩ ደግሞ ከሥር ከመሬቱ ይሞቃል፤ ልክ ምጣድ ላይ እንዳለ ነገር። ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው 6 ሰዓት ገደማ ሆኖ ሳለ ሙቀቱ 8 እና 9 ሰዓት ላይ የሚበረታውም ለዚህ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ደግሞ ይበርዳል፤ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት።

ሲመሽ መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ መልሶ ይለቃል። ደመና ቢኖር እንደ ጋቢ ሆኖ ከፊሉን ይመልስለት ነበር። ንፋስ ቢኖር ከላይ ያለውን ለብ ያለ አየር ከታችኛው ጋር ያደባልቀው ነበር። ትናንት ሁለቱም አልነበሩም። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅታው ይወርዳል። ጉብታው ላይ ያለው የጎረቤት ባቄላ ተርፏል። የአያቴ ማሳ ከጉብታው ሥር ነው።

ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታህሳስ መጨረሻ ገደማ ነው፤ ከሰኔ መጨረሻው ወደ 5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትቀርባለች። ደጋው በውርጭ የሚንቀጠቀጠውም በዚያው ሰሞን ነው! ይሄ ሁሌም ይደንቀኛል።

ጠዋት ፀሐይዋ ብቅ ስትል ሮጬ ወጣሁና ጀርባዬን ሰጠኋት። ብርዱ ጭራሽ ባሰ። ሣሩ ነጭ እንደሆነ ነው። አያቴ ጋቢዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆማለች።

«ና ግባ ልጄ፣ ገና ነው» አለችኝ። «መጀመሪያ መሬቱ ይሙቅ።»