ዳገት ስትወጣ ትበላለች

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚወጣ ዘገባ ሲያጋጥመኝ አሁን አሁን መግቢያውን አይቼ መጨረሻውን እገምታለሁ። የአገር ውስጥ ከሆነ ሪባን ይቆረጣል፣ ነጫጭ መኪኖች ተደርድረው ይታያሉ፣ «ከብክለት የጸዳ» ይባላል፣ አለቀ። የውጭ ከሆነ ደግሞ መብራት ሳይኖራቸው ቤንዚን መኪና የከለከሉ ጉዶች እንባላለን።

ሁለቱም አልዋሹም። የሚያበግነኝም እሱ ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ይጋለጥ ነበር።

በጥር 2016 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ሲነገር ዋናው ጉዳይ ጭስ አልነበረም፤ ዶላር ነበር። ነዳጁን በውጭ ምንዛሬ ነው የምንገዛው። መብራቱ ግን ከ90 በመቶ በላይ ከራሳችን ወንዞች ነው። እኔ ይሄ ሂሳብ አሳማኝ ነው ባይ ነኝ። ግን ስለ ምንዛሬ እጥረት ከማውራት ስለ ንጹሕ አየር ማውራት ያምራል፣ ስለዚህ ካሜራው ወደዚያ ዞረ። የውጭው ጋዜጠኛ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሕዝብ መብራት የለውም ብሎ ይጽፋል። እውነት ነው። ግን ያ መብራት የሌለው ገበሬ መኪናም የለው! አብዛኛው መኪና ያለው እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

በሽታው የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛ ቴስላ በምትባል ኤሌክትሪክ መኪና ከዋሽንግተን ወደ ኮነቲከት ሲጓዝ ባትሪው አልቆ መኪናዋ በጭነት መኪና ተወሰደች፤ እሱም ያንኑ ጻፈ። የቴስላው አለቃ ኢሎን መስክ መኪናዋ ራሷ የመዘገበችውን የጉዞ መረጃ አውጥቶ «ዘገባው የውሸት ነው» አለ። የአንባቢን ቅሬታ የምታየው የጋዜጣው የራሱ ታዛቢ ነገሩን መርምራ፣ ሰውየው ያየውን በቅንነት ነው የጻፈው፣ ማስተዋሉ ግን ጎድሎታል አለች። መረጃውንም ያወጣው ሻጩ መሆኑን ልብ ይሏል።

ባለፈው ከለገሃር ወደ ፒያሳ በኤሌክትሪክ ታክሲ ወጣሁ። ቸርችልን መውጣት ስንጀምር ዳሽቦርዱ ላይ የቀረውን ኪሎሜትር የሚያሳየው ቁጥር ቁልቁል ወረደ። ሹፌሩ እጁን ሰዶ ኤሲውን አጠፋ።

«ዳገት ስትወጣ ትበላለች፣ እህቴ። ስትወርድ ትንሽ ትመልሳለች።»

ማታ የት እንደሚሰካት ጠየቅኩት። አከራዮቹ ግቢ ነው። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ከኪራዩ ሌላ በየወሩ ይጨምርላቸዋል፣ እነሱም በየወሩ ያጉረመርማሉ። ሌሊት መብራት ከጠፋ ጠዋት ሥራ የለም። «ግን ቤንዚን ሰልፍ ላይ ከማደር ይሻላል» አለኝ፣ ሳቅ ብሎ። ባትሪው ቢደክምስ?

«እሱን እንኳ ፈጣሪ ያውቃል።»

አንድ ዳገት ሳንጨርስ ከሁለቱም ዘገባ ያላገኘሁትን አገኘሁ። ጥቅሙንም ጣጣውንም አንድ ሰው ነው የነገረኝ፣ ያውም ሳይጣላ።

ዘገባዎቹ የሚጎድላቸው ተመልሶ መጠየቅ ይመስለኛል። ኤታኖልን፣ ያንን ከስኳር ተረፈ ምርት የሚወጣውን አልኮል፣ የሚያስታውስ አለ? ከ2001 ጀምሮ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል አዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን ውስጥ ይደባለቅ ነበር፣ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ በኋላ 10። የነዳጅ ወጪያችንን ይቀንሳል ተብሎ ስንት ተወራለት። ምን ያህል ዶላር አዳነ? ለምንስ ወሬው ጠፋ? ያኔ በምርቃቱ ወሬ ያደነቆሩን ሰዎች ይሄን ሲጠይቁ አልሰማሁም።

አሁን የሚገቡት መኪኖችም የባትሪ ዋስትናቸው አንድ ቀን ያልቃል። ያኔ እዚያ ሹፌር ዘንድ ሄዶ፣ ባትሪ ስንት ተባልክ፣ ከየት አመጣኸው፣ አሮጌውስ የት ተጣለ ብሎ የሚጽፍ ጋዜጣ ከተገኘ በእጥፍ ዋጋ እገዛዋለሁ።