ጥርት ያለው ሴረም

ደሴ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። አንድ ሰኞ ጠዋት አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ውጤት ይዞ መጣና «ይሄ ማሽን ዛሬ አብዷል» አለኝ። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 368፣ ኤልዲኤል (ኮሌስትሮልን በደም ውስጥ የሚሸከመው ቅንጣት) 290፤ ሁለቱም በጣም ከፍ ያሉ ናቸው። ታካሚዋ ከኮምቦልቻ የመጡ፣ በአርባዎቹ ያሉ ቀጭን ሴት ናቸው። «ደሞ ሴረሙን እየው፣ ውሃ ነው!» ብሎ ቱቦውን ወደ መብራቱ አነሳው። ሴረም ደም ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ ነው፤ ኮሌስትሮል ይህን ያህል ከበዛ መደፍረስ አለበት ማለቱ ነው።

እውነትም ጥርት ብሏል። ማሽኑን የምንፈትሽበት፣ ልኩ የታወቀው የጠዋቱ ናሙና (ኮንትሮል) ግን በልኩ ወጥቷል። ደገምነው፤ ያው ነው።

እዚህ ላይ የላብራቶሪ ሰውም ይሸወዳል። ሴረምን ወተት የሚያስመስለው ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ሌላው የደም ስብ ነው። እሱን የሚሸከሙት ትልልቅ ቅንጣቶች ብርሃን ይበትናሉ። ኤልዲኤል ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ ቢበዛም አያደፈርስም። የሴትዮዋ ትራይግሊሰራይድ 95 ነው፤ ታዲያ በምን ይደፍርስ?

ወጥቼ አነጋገርኳቸው።

«እትዬ፣ ቁርስ አልበሉም አይደል?»

«ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ጮማ እንደሆነ ወላሂ አልወድም። እኔን ያመጣኝ የወንድሜ ነገር ነው።»

ወንድማቸው አርባ ሳይሞላው ልቡን ብሎ ድንገት ነው የሞተው። ነጠላ ጫማ አድርገው ስለነበር ዓይኔ ተረከዛቸው ላይ አረፈ። ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት በሁለቱም እግር አብጦ ጠጥሯል። «ጫማ እየፋቀኝ ነው» አሉ። በሽታውን መሰየም የእኔ ሥራ ስላልሆነ ውጤቱን ይዤ ወደ ሐኪሙ ገባሁ፤ የጅማቱንም ነገርኩት።

«በዘር የሚወረስ የኮሌስትሮል ችግር ነው» አለ ሐኪሙ።

ምሳ ላይ ልጁ አለቀቀኝም። «ጮማ ካልበሉ ከየት መጣ?» አለ። ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ተሳፋሪ ጭኖ ደሴ አራግፎ የሚመለስ ሚኒባስ አስብ አልኩት። የጉበት ሕዋስ ገጽ ላይ ያሉት ተቀባዮች እንደዚያ ናቸው። ኤልዲኤልን አፖቢ 100 በሚባለው ፕሮቲኑ ይዘው ወደ ሕዋሱ ያስገቡታል። ውስጥ ያለው አሲድ ያላቅቃቸዋል። ኤልዲኤሉ ይፈጫል፣ ተቀባዩ ለሌላ ጭነት ይመለሳል፤ ደርሶ መልሱ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ከአንድ ወላጅ የተበላሸ ጂን የወረሰ ሰው ግን ግማሽ ያህሉ መኪና ቆሞበታል። ተሳፋሪው መናኸሪያው ላይ፣ ማለትም ደም ውስጥ፣ ይከማቻል። ከልክ ያለፈው የደም ሥር ግድግዳና ጅማት ውስጥ ይገባል። ካልታከሙት ወንዶች ግማሽ ያህሉ 50 ዓመት ሳይሞላቸው የልብ ሕመም ያገኛቸዋል።

ይህን ያወቁት አሜሪካ፣ ዳላስ ላይ የሠሩት ተመራማሪዎች ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ናቸው፤ በ1985 እ.ኤ.አ. ኖቤል አሸንፈውበታል። ሰው ሁሉ «ቅቤ ተው» ማለት ይቀለዋል። ምግብ መምረጡ ይጠቅማል፣ አልክድም። ግን ቅቤ የማይወድ ሰው ቅቤ ተው ሲባል ምን ይተው?

ሐኪሙ አቶርቫስታቲን አዘዘላቸው። መድኃኒቱ ጉበት የራሱን ኮሌስትሮል እንዳይሠራ ያግደዋል። ጉበቱም ሲያጥረው ብዙ ተቀባይ አውጥቶ ከደም ይስባል። ደህናው ጂን ስላለ ይሠራላቸዋል።

ልጆቻቸውንም እንዲያስመረምሩ ተነገራቸው፤ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሁለቱንም ይዘው መጡ። የወንዱ ደህና ነው። የሴቷ ከፍ ብሎ ወጣ። የሷም ሴረም ጥርት ያለ ነበር፤ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ግን በዚህ ጊዜ ማሽኑን አልወቀሰም።