የግሪኩን ግጻዌ ዓመት ያሳሳተችኝ 5500

ባለፈው እሑድ፣ በብሪቲሽ ላይብረሪ «ሃርሊ 5598» ተብሎ የተመዘገበውን የግሪክ ግጻዌ (በየዕለቱ በቤተ ክርስቲያን የሚነበቡ ምንባባት መጽሐፍ) የመጀመሪያ ዐምድ መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ አንብቤ ጨረስኩ። ግሪክኛ ለምትማሩ ጓደኞቼ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ ወደድኩ። መጽሐፉ ቆስጠንጢኖስ የተባለ ቄስ እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 995 ጽፎ የፈጸመው ባለ 374 ቅጠል ብራና ነው። የእኛ ግጻዌ ከመስከረም 1 ሲጀምር፣ የግሪኩ ከትንሣኤ እሑድ ተነሥቶ በዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ ይከፈታል፤ ምንባቡን በቃሌ የማውቀው በመሆኑ ፊደሉን መልመድ አልከበደኝም። በቀይ ቀለም የገቡት ምልክቶችም እንደ ዜማ መጽሐፋችን እንደ ድጓ ምልክት የአነባበቡን ዜማ የሚመሩ ናቸው።

ለሳምንታት ያሰናከለኝ ጸሓፊው ያስቀመጠው ዓመት ነው። ግሪኮች ቁጥርን በፊደል ይጽፋሉ፤ የግእዝ አኃዞች መነሻም እነዚሁ ፊደላት ስለሆኑ ጋማን ከ፫፣ ስቲግማን ከ፮ ጋር አመሳስዬ ወዲያው ለየሁ። ፊ የተባለው ፊደል 500 መሆኑን ግን በግእዙ ልደርስበት አልቻልኩም፤ የእኛ አኃዝ ፻ ላይ ቆሞ ከዚያ በኋላ ፭፻ እያለ ያባዛልና። በመጨረሻ ከፍጥረት ጀምሮ የተቆጠረውን ዓመት 6503 ብዬ አነበብኩና፣ እኛ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት የምንቆጥረውን 5500 እንደ ለመድነው ስቀንስ 1003 ሆነ። የቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ግን 995 ይላል። ቁጥሩ 6495 እንዲሆንልኝ ፎቶውን እያጎላሁ ፊደላቱን በግድ ሌላ አድርጌ ለማንበብ መሞከሬን አልሸሽግም።

ጥፋቱ ግን የፊደል አልነበረም። የቁስጥንጥንያ ሰዎች ከፍጥረት ጀምሮ ሲቆጥሩ ዓመቱን ሴፕቴምበር 1 ስለሚያስገቡ፣ ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት ለተጻፈ 5508፣ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ለተጻፈ 5509 ይቀነሳል፤ ይህ መጽሐፍ በሜይ ስለተፈጸመ ከ6503 ላይ 5508 ሲቀነስ 995 ይሆናል። ከዚህም በላይ በ5500 ያገኘሁት 1003 በእኛ ዓመተ ምሕረት ስለሆነ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1010 ወይም 1011 ላይ ይወድቃል፤ የሳትኩት በስምንት ሳይሆን በዐሥራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ነበር።

ሰዋስው ሳይጨርሱ ብራና መንካት አይገባም የሚሉትን አልቀበልም፤ በየቀኑ አምስት መስመር በእርሳስ መገልበጥ ከማንኛውም መማሪያ ይልቅ ጠቅሞኛል። የዘመን ቆጠራውን ግን አስቀድማችሁ ያዙ። ምኅጻረ ቃል ላይ ምክር ለመስጠት ገና አልበቃሁም፤ «እግዚአብሔር» የሚለው በመጀመሪያና በመጨረሻ ፊደሉ ብቻ ተጽፎ ከላይ መስመር ሲሰመርበት አሁንም ሳላስተውል አልፈዋለሁ።