የድሮው የዲሽ ሪሞት ለእማዬ

ሳሎን ያለችው ራስፕቤሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ ኮዲ የሚባለውን የፊልምና ሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም ጭኜ ለእማዬ ፊልምና መዝሙር ሞልቼላት ነበር። ግን ኪቦርድና ማውዝ አትወድም፣ እኔ ከሌለሁ አትከፍተውም። ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ የቆየውን የዲሽ ሪሞት አወጣሁ።

መጀመሪያ የስልክ ካሜራ ከፍታችሁ ሪሞቱን እያያችሁ ቁልፍ ተጫኑ። ጫፉ ላይ ብርሃን ብልጭ ካለ ሪሞቱ ደህና ነው።

የሚገዛው የሪሞቱን ኢንፍራሬድ ብርሃን የሚቀበል አንድ ባለ 3 እግር መቀበያ ብቻ ነው። የእኔ ቲኤስኦፒ 4838 ነው፣ በ38 ኪሎኸርዝ ይሠራል፣ ብዙ ሪሞትም የሚልከው እዚያው አካባቢ ነው። አንዱ እግር ወደ 3.3 ቮልት፣ አንዱ ወደ ግራውንድ፣ ሲግናሉ ወደ ጂፒአይኦ 18 (ከፓይ የመሰኪያ እግሮች አንዱ)። እባካችሁ 5 ቮልት ላይ አትሰኩት! የፓይ ጂፒአይኦ ከ3.3 ቮልት በላይ አይችልም። የእግሮቹ ቅደም ተከተል ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ዳታሺቱን (የአምራቹን የመረጃ ወረቀት) ሳታዩ አትጀምሩ።

ከዚያ የፓይ ኮንፊግ (የቅንብር) ፋይል ላይ የጂፒአይኦ-አይአር ኦቨርሌይን፣ ማለትም መቀበያውን ለፓይ የሚያስተዋውቀውን ቅንብር፣ ማብራት ነው። የቆዩ መመሪያዎች ሊርክ የሚባል የሪሞት ሲግናል መፍቻ ፕሮግራም ጫኑ ይላሉ፣ እኔም ሁለት ማታ በእሱ አቃጠልኩ። አሁን ግን የታወቁትን ፕሮቶኮሎች (ሪሞቶች ሲግናል የሚልኩባቸውን “ቋንቋዎች”) የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የፓይ ሲስተም እምብርት፣ ራሱ ይፈታል፤ አይአር-ኪይቴብል በሚባለው ትእዛዝ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየተጫናችሁ የሚወጣውን ቁጥር ትመዘግቡና፣ ኦኬን ከኢንተር፣ ቀስቶቹን ከቀስቶች ጋር ታገናኛላችሁ። ምንም ካልወጣ ፕሮቶኮሉ አልበራም ማለት ሊሆን ይችላል። የእኔ ሪሞት ፕሮቶኮል ኤንኢሲ የሚባለው ነበር።

ትናንት ከሥራ ስገባ እማዬ ራሷ ከፍታ መዝሙር እየሰማች አገኘኋት።