ጨጓራ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ የቢሮዬን መስኮት ሲደበድብ፣ ሥራ ለመሥራትም ሆነ ወደ ቤት ለመሄድ ፍላጎት አልነበረኝም። በዚህ መካከል አንዲት ተማሪዬ ገብታ፣ በአጋማሽ ፈተናው ዕለት የቀረችበትን ምክንያት የሚገልጽ የክሊኒክ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። «መምህር፣ ጨጓራዬ ተነስቶብኝ ነው» አለችኝ። ማኅተሙንና ቀኑን አይቼ ተቀበልኳት።

ከሄደች በኋላ ቃሉ አልለቀኝም። በዚህ ሴሚስተር የተቀበልኳቸው የሕመም ወረቀቶች አብዛኞቹ ጨጓራ የሚሉ ናቸው፤ በመምህራን ክበብ ቡናውን ትቶ ሻይ የሚያዝ ባልደረባም መልሱ ይኸው ነው። ሕመሙ ፈጠራ ነው ማለቴ አይደለም። ሐኪሞች የጨጓራ ቁስለትን ለረጅም ዘመን ከጭንቀትና ከሚያቃጥል ምግብ ጋር ሲያያይዙት ኖረው፣ አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ኤች ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ራሱ ጠጥቶ ጨጓራን እንደሚያስቆጣ አሳየ፤ በ2005ም ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። ባክቴሪያው በመድኃኒት ይጠፋል።

በአማርኛ ግን ሆድ የምግብ ማደሪያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሆዳችን ይባባል፣ ይብሰዋል፤ መናገር ያቃተንን «ሆድ ይፍጀው» ብለን እዚያው እንቀብረዋለን፤ ስላበሳጨንም ሰው «ጨጓራዬን ላጠው» እንላለን። ስለዚህ ከቤተሰቡ ርቆ ከአምስት ከማያውቃቸው ልጆች ጋር በአንድ ዶርም የሚያድር ተማሪ፣ እንቅልፍ ባጣ ጊዜ «ተጨነቅሁ» ከማለት ጨጓራውን መክሰስ ቢቀልለው አይደንቀኝም። ጨጓራ ማካካሻ ፈተና ያሰጣል፣ አያሳፍርምም፤ ጭንቀት ያለ ግን ጓደኞቹ «አማኑኤል ሊገባ ነው» ብለው እንዳይሳለቁበት ይሰጋል። በግቢያችን የምክር አገልግሎት ቢሮ አለ፤ በሩ ከሬጅስትራር ሰልፍ ፊት ለፊት ስለሆነ ማን እንደገባ ግቢው ሁሉ ያውቃል። ቦታውን የመረጠው ሰው ተጨንቆ የሚያውቅ አይመስለኝም።

እኛ ሠራተኞችም አንሻልም። ባለፈው ወር ስለ ሠራተኞች ጤና በተሰጠን የግማሽ ቀን ሥልጠና፣ አሠልጣኟ የሚያስጨንቀንን እንድንናገር ብትጋብዘን አዳራሹ ጸጥ አለ። በሻይ ዕረፍቱ ግን ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ደመወዝ፣ ምሽቱን ስለሚበላው የፈተና እርማት እየተቀባበልን አወራን፤ አንዱ ባልደረባዬ ከሁለት ወር ወዲህ እንቅልፍ እንደሌለው የሰማሁት ሳምቡሳ ስንሻማ ነው። (ከዕረፍት ስንመለስ እንደገና ጸጥ አልን።)

ይህን ስጽፍ መሽቷል። በባዶ ሆድ መወሰድ የነበረበትን የጨጓራ መድኃኒቴን፣ ኦሜፕራዞልን፣ አሁን፣ በዚያውም በቡና፣ ዋጥኩት። ልጅቷ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ «መምህር፣ ደግሞ...» ብላ ጀምራ ነበር፤ እኔም የማካካሻውን ቀን ልትጠይቀኝ መስሎኝ «ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል» ብዬ አቋረጥኳት። የማካካሻውን ቀን ነበር ልትጠይቀኝ የፈለገችው?