ሆልደንን በ17 ዓመቴና አሁን
የአሜሪካዊውን ደራሲ የሳሊንጀርን ልቦለድ «ዘ ካቸር ኢን ዘ ራይ» መጀመሪያ ያነበብኩት በ17 ዓመቴ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሆልደን 16 ነው፣ እኩያዬ። ሰውን ሁሉ አስመሳይ ሲል አንጀቴን አራሰው። በ30ዎቹ መጀመሪያ ስደግመው ግን አናደደኝ፤ ከትምህርት ቤት ተባሮ ኒውዮርክ ውስጥ ብር ከሚበትን ምናለ ቤቱ ቢገባ አልኩ።

አሁን ልጅ አለኝ። ዘንድሮ ሳነበው አንድ ቦታ ላይ መቀጠል አቃተኝ። ታናሽ ወንድሙ አሊ በሉኪሚያ (በደም ካንሰር) የሞተ ሌሊት፣ ያኔ ሆልደን ገና 13 ዓመቱ ነው፣ ጋራዥ ውስጥ አድሮ መስኮቶቹን በሙሉ በቡጢ ሰባበራቸው፤ የመኪናውንም ሊደግም ሲል እጁ ተሰብሮ ስለነበር አልቻለም። በ17 ዓመቴ ይሄን እንደ ጀብዱ አይቼው አልፌ ነበር። ሆልደን ባለጌ አይደለም፣ ሐዘኑ ያልወጣለት ልጅ ነው። አጠገቡ ቁጭ ብሎ አይዞህ ያለው ትልቅ ሰው ነበር ወይ እያልኩ መጽሐፉን አስቀምጬ ልጄ የተኛበት ክፍል ገባሁ።